የወላጆች ቀን ንግግር፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልን። ለታዳጊዎች እግር ኳስ ፕሮጀክቱ አመራር የምናቀርበው ሐሳብ ሁለት ነገር ይይዛል፤ በወላጆች ቀን የሚነበብ የ7 ደቂቃ ንግግር እና ወላጅ የሚፈርምበት አንድ ገጽ። የንግግሩን ረቂቅ ሁላችሁም አይታችሁታል። ሰሚውን በምን ሊያሳምን እንደሚሞክር እንመርምረው። ይውጣ የምትሉት ካለ መተኪያውንም ጻፉልን።

ጸሐፊ፦ አርስቶትል ማሳመኛን በሦስት ይከፍለዋል፤ የተናጋሪው ተአማኒነት፣ የሰሚው ስሜት፣ የነገሩ ማስረጃ። ከረቂቁ አራት አንቀጾች ሦስቱ የቆሙት በስሜት ብቻ ነው። «ልጁን የሚወድ ወላጅ ከሜዳ አይቀርም» የሚለው ይውጣ። ቅዳሜ ገበያ የምትውል እናት ወይም ፈረቃ ያለበት አባት ይህን ሲሰሙ እንደተወቀሱ ነው የሚቆጥሩት። የተወቀሰ ሰው ደግሞ ቀሪውን ንግግር የሚሰማው በልቡ መልስ እያዘጋጀ ነው። መተኪያ፦ «ሜዳ መምጣት ባይመቻችሁም በጊዜ ማስተኛት፣ ውሃ በኮዳ መስጠት፣ ከጨዋታው 2 ወይም 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ማብላት ድጋፍ ነው።»

የአሰልጣኞች ተወካይ፦ እኔም እስማማለሁ። የደራርቱ ቱሉም ምሳሌ ይታይ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ማግኘቷ እውነት ነው፤ ስህተቱ ከዚያ ተነስቶ «ከደገፋችሁት የእናንተም ልጅ እንደዚያ ይሆናል» ማለቱ ላይ ነው። አንዷን ጀግና አሳይቶ ለ40 ልጆች ወላጅ ቃል መግባት ነው። ያቋረጡትና የተጎዱት አይታዩም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ወላጁ ቃሉን ካመነው በኋላ የሚሆነው ነው፤ ታኬታ በገዛበት ብር ልክ ውጤት ይጠብቃል፣ ልጁ ተቀያሪ ሲሆን ከአሰልጣኙ ጋር ይጣላል።

የወላጆች ተወካይ፦ በዚህ ከእርስዎ ትንሽ እለያለሁ። ስሟ ሲነሳ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ስለዚህ በአንድ ዐረፍተ ነገር መክፈቻ ትሁን፣ ማስረጃ ግን አትሁን። ትልቁ የወላጅ ስጋት «ትምህርቱን ያስተጓጉልበታል» የሚለው ሆኖ ሳለ ረቂቁ በመጨረሻ በአንድ መስመር አልፎታል። ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ይምጣ፤ በቁጥርም ይነገር። ልምምዱ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት፣ በድምሩ 6 ሰዓት ነው። በስፖርት ሕክምና የሚሰጠው ምክር የልጅ ሳምንታዊ ልምምድ በሰዓት ሲቆጠር ከዕድሜው እንዳይበልጥ ነው፤ ለ12 ዓመት ልጅ የእኛ ግማሹ ነው። በፈተና ሳምንት ወደ 1 ቀን እንደሚወርድም ይጻፍ። «ምንም ችግር የለውም» ያልነው ወላጅ የልጁ ውጤት ትንሽ ዝቅ ባለ ቀን ልጁን ያስቀረዋል።

የአሰልጣኞች ተወካይ፦ ልክ ነው። ስለ ሜዳ ዳሩም ልጨምር። ረቂቁ «አትጩኹ» ይላል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም። አሰልጣኙ «አቀብል» ሲል አባት «ምታ» ካለ ልጁ ቀና ብሎ ወደ ዳር ያያል፤ በዚያች ቅጽበት ኳሱን ይነጠቃል። ሁለቱም ይቆጡታል። ይህ ሲደጋገም ልጁ በራሱ መወሰኑን ይተዋል፤ የመጣው ደግሞ መወሰንን ሊማር ነው። ማጨብጨብ፣ «አይዞህ» ማለት ይፈቀድ፤ የሚቀረው ትእዛዝ ብቻ ይሁን። ይህ ካልተለየ ወላጁ «አፍህን ዝጋ» እንደተባለ ይቆጥረዋል።

ቦታም ይከለል፤ ከአሰልጣኞች ትይዩ ባለው ወገን፣ ከመስመሩ 3 ሜትር ርቆ። ለ60 ሜትር ሜዳ በየ5 ሜትሩ 13 ኮን ይበቃል። ገመድ አይሁን፤ ሮጦ የሚወጣ ልጅ ይጠልፈዋል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው የመከባበር ዘመቻ ለታዳጊዎች ጨዋታ ተመልካች የሚቆምበትን ቦታ ለይቷል።

ጸሐፊ፦ ረቂቁ መጨረሻ ላይ ወላጅን 9 ነገር ይጠይቃል። ወላጅ ከአዳራሹ ሲወጣ አንዱንም አያስታውስም። አንድ ብቻ እንጠይቅ፤ ከጨዋታ በኋላ የመጀመሪያው ቃል «ስንት ለስንት?» መሆኑ ቀርቶ «ስትጫወት ሳይህ ደስ ይለኛል» ይሁን፤ ያልመጣው ወላጅ ደግሞ «ዛሬ ምን ደስ አለህ?» ይበል። ለዚህ ማስረጃ ኖርዌይን እንጥቀስ፤ እዚያ በልጆች ስፖርት ደንብ መሠረት ልጆች 11 ዓመት እስኪደርሱ የውጤት ሰንጠረዥ አይወጣም። ሌላው በፊርማው ገጽ ይስፈር፤ ማንበብ ለማይችሉም ጮክ ተብሎ ይነበብ።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ድልድሉ፦ መክፈቻ 1 ደቂቃ፣ ትምህርት 2፣ ሜዳ ዳር 2፣ የቤት ድጋፍ 1፣ ጥያቄያችን 1። ማን ያንብበው?

የወላጆች ተወካይ፦ አሰልጣኝ ባያነበው ይሻላል፤ ለራሱ ሥራ የተሟገተ ይመስላል። የቋሚ ተሰላፊ ወላጅ ካነበበው ደግሞ «ለእሱ ሞልቶለታል» ይባላል። ልጃቸው አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ የሆነ፣ ግን ከልምምድ ያላስቀሩት እናት ወይም አባት ያንብቡት።

ሰብሳቢ፦ ተቀብያለሁ። እስከ ሐሙስ ሁለት ፈቃደኛ ወላጆች ይጠቆሙልኝ፤ ዓርብ ጮክ ብለው ያነቡታል፣ ጸሐፊዋ ሰዓት ይይዙልናል። ከ7 ደቂቃ ካለፈ መጀመሪያ የሚቆረጠው መክፈቻው ነው።