ከባዶ የመጠጥ ጣሳዎች የሚሠራ የፀሐይ ማድረቂያ፦ ስለ አበሳሱ፣ ስለ ማጣበቂያውና ስለ አየሩ ፍሰት

ጥያቄ

ባዶ የአሉሚኒየም የመጠጥ ጣሳዎችን በማገጣጠም አየርን በፀሐይ የሚያሞቅና የሞቀውን አየር ወደ ቅጠላ ቅጠል ማድረቂያ ሣጥን የሚያስገባ መሣሪያ በግቢዬ ውስጥ እየሠራሁ ነው። ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጣሳዎችን ስምንት ስምንት አድርጌ በስድስት ረድፍ ለማቆም፣ ጥቁር ቀለም ቀብቼ በኮምፔርሳቶ ሣጥን ውስጥ ለማስቀመጥና ፊቱን በመስታወት ለመሸፈን አስቤአለሁ። ይሁን እንጂ የጣሳውን መቀመጫ ስበሳው ግድግዳው ይጨማደድብኛል። ለሙከራ ካቆምሁት ረድፍ የሚወጣውም አየር በጣም ቢሞቅም ፍሰቱ እጅግ ደካማ ነው። ማራገቢያ የግድ ያስፈልገው ይሆን? ጣሳዎቹንስ እርስ በርስ በምን ላጣብቃቸው?

አንደኛ መልስ

የጣሳው ግድግዳ ውፍረት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከውጭ ሲጫኑት ከውስጥ የሚደግፈው ነገር ከሌለ መጨማደዱ አይቀርም። ስለዚህ ከመቀመጫው ሳይሆን ከክዳኑ ይጀምሩ። ከመጠጫው ቀዳዳ ተነሥተው ክዳኑን በቆርቆሮ መቀስ እንደ ጨረር ወደ ዳር ዳር ይቁረጡና ምላሶቹን ወደ ውስጥ ያጥፏቸው፤ ጠንካራውን የክዳን ከንፈር ግን አይንኩት። ከዚያ በተከፈተው አፍ በኩል የሚገባ ክብ እንጨት አቁመው ጣሳውን ገልብጠው ያጥልቁበት፤ መቀመጫው በእንጨቱ ጫፍ ላይ ስለሚያርፍ በምስማር ሲመቱት ኃይሉ በግድግዳው ላይ አይወድቅም። ከተበሳ በኋላ በመቀስ አስፍተው ምላሶቹን እንዲሁ ወደ ውስጥ ያጥፏቸው። የታጠፉት ምላሶች የሚያልፈውን አየር ስለሚያተራምሱት፣ አየሩ ከሞቀው ግድግዳ ጋር ይበልጥ ይነካካል።

በመቀመጫው ዙሪያ ያለውን ቀለበት በምንም ዓይነት አይቁረጡት። ጣሳ በጣሳ ላይ ሲደረደር የላይኛው ቀለበት በታችኛው ክዳን ከንፈር ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ ረድፉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው እሱ ነው። ወፍራም ጓንት አይርሱ፤ የተቆረጠ ጣሳ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ሁለተኛ መልስ

ለማጣበቂያ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ይበቃል፤ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ዓይነት ግን አይግዙ፤ የሚለቀው አሲድ ብረታ ብረትን ይበላልና። ለብረታ ብረት የሚስማማውንና ያን ሽታ የሌለውን ይምረጡ። እግረ መንገድዎን ጣሳዎቹን በማግኔት ይፈትኑ፤ ማግኔት የሚይዛቸው አሉሚኒየም ሳይሆኑ ሊዝጉ የሚችሉ የአረብ ብረት ጣሳዎች ናቸው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ አስቀድመው ጣሳዎቹን በሙቅ ውኃና በሳሙና ያጥቧቸው፤ የቀረ ስኳር ጉንዳን ይጠራል። ቀጥሎ ላያቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ለምድጃና ለጭስ ማውጫ የሚያገለግለውን የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም በስሱ ደጋግመው ይቀቡ። የሚበላ ነገር የሚያደርቁበት ከሆነ፣ የቀለሙና የሲሊኮኑ ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ መሣሪያውን ባዶውን ፀሐይ ላይ ያቆዩት።

ሦስተኛ መልስ

በእኔ አመለካከት ዋናው ጉዳይ ፍሰቱ ነው። ብዙ ሰው መሣሪያውን የሚመዝነው ከመውጫው በሚያገኘው የሙቀት መጠን ብቻ ነው፤ ነገር ግን በጣም ሞቆ በዝግታ የሚወጣ አየር ከሰበሰበው ሙቀት ብዙውን በመስታወቱ በኩል መልሶ ያጣል፤ የሚያደርቀውን ነገር እርጥበትም ቶሎ ጠርጎ አይወስድም። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀና ሳያቋርጥ የሚያልፍ አየር፣ ከዚያ በላይ ሞቆ ከሚንቀራፈፈው ይሻላል።

ማራገቢያ ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ። በጣሳዎቹ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ጠባብ ከሆኑ በየጣሳው የሚፈጠረው መታነቅ ስለሚደማመር፣ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ የሚቀረው ኃይል ጥቂት ነው። የሣጥኑ የታች መግቢያና የላይ መውጫም ከረድፎቹ ቀዳዳዎች ጠቅላላ ስፋት ማነስ የለባቸውም። የመጨረሻውና አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጋው የማድረቂያው ሣጥን አናት ነው፤ እርጥቡ አየር የሚወጣበት ክፍተት ከሌለው ከታች የሚመጣው ሙቅ አየር መግቢያ ያጣል። እነዚህ ተስተካክለው መሣሪያው ዘንበል ብሎ ከቆመ፣ ሙቅ አየር በራሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ማራገቢያ ላያስፈልግዎ ይችላል።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የክዳኖቹን ቀዳዳ ሳላሰፋ እንዳሉ ትቻቸው ስለነበር የመታነቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የሣጥኑን ጀርባ ለዕቃ ማሸጊያ በሚያገለግለው ነጭ ፎም ብለብጠው ችግር ይኖረዋል?

ሦስተኛው መላሽ

አይለብጡት። ያ ፎም ከ80 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ መልኩን መቀየር ሊጀምር ይችላል፤ በጠራራ ፀሐይ የአየሩ ፍሰት ሲቆም ደግሞ የሣጥኑ ውስጥ ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ሙቀት የሚችል የማዕድን ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ ወይም መስታወት የሚሠራ ክር መሰል ነገር) ወይም ቡሽ ይጠቀሙ፤ ሱፍ ከሆነ ብናኙ ከአየሩ ጋር እንዳይቀላቀል በስስ የአሉሚኒየም ሉህ ይሸፍኑት። በመግቢያው ላይ ነፍሳት የማያሳልፍ ወንፊት ይወጥሩ፤ መሣሪያውን በማይጠቀሙበት ጊዜም መስታወቱን በጨርቅ ይሸፍኑት፤ ሲሊኮኑም ቀለሙም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይልዎታል።