ለትንሽ እጅ የሚስማማ የመስክ ቢላዋ እንዴት ይመረጣል?

የወጨጫ መንገደኛ (ቡራዩ)

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ቡራዩ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ወደ መናገሻ ሱባ ደን፣ ወደ ወጨጫ ተራራ፣ አንዳንዴም በእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በኩል በእግር እንወጣለን። ስንቅ ይዘን ስለምንሄድና በሜዳ ስለምናድር ቢላዋ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ገመድ እቆርጥበታለሁ፣ ድንችና ሽንኩርት እልጥበታለሁ፣ የድንኳን ካስማ አሾልበታለሁ፣ እሳት በተፈቀደበት ቦታ ደግሞ የወደቀ ደረቅ ጭራሮ ለማቀጣጠያ እፍቅበታለሁ።

እጄ ትንሽ ነው። መዳፌን ከአራቱ ጣቶች ሥር በማስመሪያ ስለካው 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ገበያ ላይ ያለው የሥራ ጓንት ሁሉ ይሰፋኛል። አሁን የያዝኩት ቢላዋ ወንድሜ ከውጭ አገር የላከልኝ ነው። ብረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ እጀታው ወፍራም ጎማ ሲሆን ጣት እንዲያርፍበት ተብሎ አራት ቦታ ተቦርቡሯል። የእኔ ጣቶች ግን ጎድጓዳው ውስጥ አይገቡም፤ ሁለቱ ጉብታው ላይ ይቀመጣሉ። ትንሽ እንደ ፋቅሁበት በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው ቆዳ ይላጣል። እጄ ሲረጥብ ደግሞ ቢላዋው መዳፌ ውስጥ ይዞራል፤ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ሱቅ ስገባ ሻጮቹ እጄን አይተው የፍራፍሬ ቢላዋ ያወጡልኛል። እሱ ደግሞ ለካስማ አይበረታም። እስቲ ከልምዳችሁ ንገሩኝ፤ ምኑን አይቼ ልግዛ? ብረቱ ምን ያህል ይርዘም? የሚታጠፍ ሰንጢ ይሻላል ወይስ የማይታጠፍ?

ለገጣፎ ነኝ

ገጀራ ያዢ። እንጨት ይፈልጣል፣ ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ ዕድሜ ልክም ያገለግላል። ትንሽ ቢላዋ ለወጥ ቤት ነው፤ ጠንካራ እንጨት ላይ ቢመቱት ይሰበራል።

የችግኝ እናት (ሱሉልታ)

የወጨጫ መንገደኛ እህቴ፣ የለገጣፎው ወንድማችን የሰጠሽን ምክር ለሌላ ሥራ አቆዪው። ገጀራ ድንች አይልጥም። ካስማ ለማሾልም ስለቱ ከጣትሽ አጠገብ መሆን አለበት እንጂ ከእጅ ርቆ የሚወዛወዝ ብረት አይረዳሽም። ትንሽ ቢላዋ ጠንካራ እንጨት ላይ ቢመቱት ይሰበራል ማለቱ ግን ትክክል ነው፤ ለመፍለጥ መጥረቢያ አለ።

እኔ ችግኝ አፈላለሁ፤ የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ዘር እሰበስባለሁ። ቢላዋ ከጠዋት እስከ ማታ ከእጄ አይለይም፤ እጄም ካንቺ እጅ አይበልጥም። አብረውኝ የሚሠሩት ልጃገረዶችም እንዲሁ ናቸው። ሰው ሁሉ ስለ ብረቱ ዓይነት ሲከራከር ይውላል፤ ስለ እጀታው የሚጠይቅ የለም። እጃቸው ቆስሎ ሥራ የሚያቆሙ ልጆችን ስላየሁ ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ሱቅ ስትገቢ ስለቱን ለጊዜው ተይው፤ እጀታውን ጨብጪ። ስትጨብጪ የመሃል ጣትሽ ጫፍ በአውራ ጣትሽ ሥር ካለው ሥጋ ጋር ለመነካካት የቀረበ መሆን አለበት። በመካከሉ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከቀረ እጀታው ወፍሯል። ጣቶችሽ ያልዞሩትን ያህል በጉልበት ማካካስ ስላለብሽ ክንድሽ ይዝላል፤ ቆዳሽም የሚላጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ጥፍርሽ መዳፍሽን የሚወጋ ከሆነ ደግሞ ቀጥኗል። ለትንሽ እጅ ቀጭን እጀታ ይሻላል ብለው ብዙዎች ይመክራሉ፤ እኔ አልስማማም። ቀጭን እጀታ የሚጨበጥበት አካል ስለሌለው በትንሽ እጅም ውስጥ ይሽከረከራል።

ቀጥሎ ዓይንሽን ጨፍነሽ እጀታውን መዳፍሽ ውስጥ አዟዙሪው። ስለቱ በየት በኩል እንዳለ ሳታዪ ማወቅ አለብሽ። እጀታው ሞላላ ከሆነ ታውቂያለሽ፤ ድብልብል ከሆነ አታውቂም። እርጥብ እጅ ውስጥ የሚዞረውም በአብዛኛው ድብልብሉ ነው። ሻጩን አስፈቅደሽ እጅሽን በውኃ አርጥበሽ ብትሞክሪ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግሽም።

የጣት ቦታ የተቦረቦረበትን እጀታ በፍጹም አትግዢ። ቦርቧሪው የለካው የሌላ ሰው እጅ ነው። ልኩ ቢሆንልሽ እንኳ የሚሠራው አንድ ዓይነት አያያዝ ላይ ብቻ ነው፤ ድንች ስትልጪ፣ ወደ ደረትሽ ስትፍቂ፣ አውራ ጣትሽን በብረቱ ጀርባ ላይ አድርገሽ ስትገፊ ጣቶችሽ በየጊዜው ቦታ ይቀይራሉ። ልሙጡን ውሰጂ። ከፊት ለፊት እጅሽ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት የሚያግድ አነስተኛ ጉብታ ይኑረው፤ አውራ ጣትሽ ወደ ብረቱ ጀርባ እንዳይሻገር የሚከለክል ትልቅ መከታ ግን አያስፈልግም።

ርዝመቱን በተመለከተ ለ7 ሴንቲ ሜትር መዳፍ ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ እጀታ ይበቃል። ትንሽ ቢረዝም ጉዳት የለውም። ቢያጥር ግን ጫፉ መዳፍሽ መሃል ላይ ያርፍና በገፋሽ ቁጥር ይወጋሻል።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስለት አንቺ የዘረዘርሽውን ሥራ ሁሉ ይሠራል። 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል፤ ክብደቱን የሚሸከመውም የእጅሽ አንጓ ነው። በሌባ ጣትሽ ላይ አጋድመሽ ሚዛኑን እዪው፤ እጀታውና ብረቱ የሚገናኙበት አካባቢ ላይ ረግቶ ከቆመ መልካም ነው። የጀርባው ውፍረት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። 5 ሚሊ ሜትር የሆነው ጠንካራ ይመስላል፤ ድንቹን ግን ከመቁረጥ ይልቅ ይሰነጥቀዋል፤ ጭራሮ ሲፋቅበትም በቀጭኑ አያነሳም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ስለቱ ከእጀታው ሥር መጀመር አለበት። አንዳንዱ ቢላዋ ከእጀታው ቀጥሎ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ያልተሳለ ብረት ይተውበታል። ከእንጨት ጋር ስትታገዪ ጉልበትሽ የሚበረታው እጅሽ አጠገብ ባለው ስለት ነው፤ ያንን ቦታ የደነዘዘ ብረት ከያዘብሽ ካንቺ ሁለት እጥፍ ጉልበት ያለው ሰው የማያስተውለው ችግር አንቺን ያደክምሻል።

ወንድምሽ ውጭ አገር ካለ በስም ልትጠይቂው ትችያለሽ። የስዊድኑ ሞራ የሚባለው ቢላዋ ዋጋው ከሌሎቹ ይረክሳል፤ ኮምፓኒየን የሚባለው ብረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እጀታው ግን ለእኛ እጅ ወፈር ይላል። ኤልድሪስ የሚባለው ታናሹ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለት አለው፤ ለካስማ ትንሽ ያጥራል እንጂ ሌላውን ሁሉ ይችለዋል። ከሚታጠፉት የፈረንሳዩን ኦፒኔል እወዳለሁ፤ በቁጥር ስለሚሸጥ ለእጅ መምረጥ ይቻላል። ቁጥር 7 ስለቱ 8 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ቁጥር 8 ደግሞ 8.5። ሲከፈት ቀለበቱን አዙረሽ ትቆልፊዋለሽ፤ በሥራ መካከል ጣትሽ ላይ አይታጠፍም። ነገር ግን እጀታው እንጨት ነው፤ በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ብረቱን አላወጣ ይላል። ለዚህ ነው በሐምሌና በነሐሴ ለሚወጣ ሰው የማይታጠፈውን የምመርጠው። ሰንጢውን ለምሳ ያዢው።

አናጺው (ሰበታ)

ልጄ፣ እህታችን በደንብ ነግራሻለች። እኔ የምጨምረው የእንጨቱን ነገር ነው፤ ሌላ ቢላዋ ሳትገዢም መፍትሔ ይኖራል።

የእጅሽን ልክ ለማወቅ ቀጭን ዱላ ውሰጂና ጨርቅ ጠምጥሚበት። እየጨበጥሽ ጨምሪ፣ እየጨበጥሽ ቀንሺ። ልክ ሆነ ያልሽበት ቦታ ላይ በክር ዙሪያውን ለኪ፤ ክሩን በማስመሪያ ላይ ዘርጊው። ያ ቁጥር ያንቺ ነው፤ ለማንኛውም ባለሙያ ብትሰጪው ይሠራልሻል።

የወንድምሽን ቢላዋ በተመለከተ፣ ጎማ በብርጭቆ ወረቀት አይታረምም፤ ይቦጫጨቃል። ጎማውን ቀድደሽ ካወጣሽው ውስጡ ያለው ብረት ይታያል። ብረቱ የእጀታውን ያህል ሰፊ ከሆነ ግራና ቀኝ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት ተለጥፎ በችንካር ይያዛል፤ ጎኑን እንደ ልብ ማሳነስ ይቻላል፣ ስፋቱ ግን ከብረቱ በታች አይወርድም። ብረቱ ቀጭን ሆኖ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ አንድ ወጥ እንጨት ተበስቶ በኤፖክሲ ሙጫ ይጣበቃል፤ ያኔ በሁሉም በኩል ትቀርጪዋለሽ። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ወይራ ይሁን። ባህር ዛፍ ቅርብ ነው ብለሽ እንዳትሞክሪ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ልሙጥ አድርገሽ በተልባ ዘይት አሺው፤ ስስ አድርገሽ ቀብተሽ፣ አድርቀሽ፣ እንደገና።

ብረቱን ለማሳጠር የሚነግርሽ ሰው ካለ ተጠንቀቂ። በመፍጫ ሲቆረጥ ይግላል፤ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ያ ቦታ ጥንካሬውን አጥቷል፣ ስለትም አይዝም። ውኃ ውስጥ ቶሎ ቶሎ እየነከረ በትዕግሥት የሚሠራ ሰው ከሆነ ብቻ ስጪው።

አዲስ ማሠራት ከፈለግሽ መርካቶ ምናለሽ ተራ ቀጥቃጮች አሉ። የመኪና ባሌስትራ አምጥተሽ "ከዚህ ሥሩልኝ" በዪ። ከፌሮ የተሠራ ቢላዋ አትቀበዪ፤ የግንባታ ብረት ለስላሳ ስለሆነ ቢስሉት ቶሎ ይዶለዱማል። ከተሠራ በኋላ ስለቱን በሞረድ ዳሰስ አድርጊው። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፤ ከነከሰው ግን እሳቱና ውኃው አልበቃውም፣ መልሺላቸው።

የወጨጫ መንገደኛ (ቡራዩ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የችግኝ እናትም እንዲሁ። በክር ለካሁ፤ ልኬ 9 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ሆነ፤ የጎማው እጀታ 12 ተኩል ነው። ለካ ይህን ያህል ነው የምታገለው! ጎማውን ለመቅደድ አላስቻለኝም፤ ወንድሜ ሲመጣ ሊያየው ይፈልጋል። ስለዚህ ከባሌስትራ 9 ሴንቲ ሜትር ስለት ያለው አሠርቼ የወይራ እጀታውን ራሴ እቀርጻለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ባሌስትራ አይዝግም ወይ? ወጨጫ ላይ ዝናብ ሲይዘን ቀኑን ሙሉ አይለቀንም። ሰገባውስ ከምን ይሁን?

የችግኝ እናት (ሱሉልታ)

ይዝጋል እንጂ። የማይዝገው የሚሻለው ቢላዋውን ሳያደርቅ ለሚጥል ሰው ነው፤ አንቺ እንዲህ የተጨነቅሽለትን ቢላዋ ትጥይዋለሽ ብዬ አላስብም። ሽንኩርትና ሎሚ ሲነካው ይጠቁራል፤ እሱ ዝገት አይደለም፣ አትፈግፍጊው። ቀዩን ግን ወዲያው አንሺ። ከጉዞ ስትመለሺ አጥበሽ አድርቂና የስፌት መኪና ዘይት በነካው ጨርቅ አብሺው። የኑግ ዘይት አትጠቀሚ፤ ሲቆይ ይጣበቃል። በልዋጩ ባሌስትራ በቀላሉ ይሳላል። በመሳያ ድንጋይ ላይ በሁለቱም በኩል 20 ዲግሪ ያህል አጋድመሽ ሳዪው። ሜዳ ላይ ዶልዱሞ ድንጋይ ከሌለሽ የቡና ሲኒሽን ገልብጪ፤ ከታች የሚያብረቀርቅ ቅብ የሌለው ሻካራ ቀለበት ስለቱን ይመልስልሻል።

ሰገባው ከወፍራም ቆዳ ቢሆን ያምራል፤ ነገር ግን ቆዳ ውኃ ይይዛል፤ በክረምት ቢላዋውን ሰገባው ውስጥ አታሳድሪው። ቤት ስትደርሺ ለየብቻ አድርቂያቸው። ስፌቱ በስለቱ በኩል ስለሚሆን በስፌቱ ውስጥ ሌላ የቆዳ ቅዳጅ እንዲገባበት ንገሪ፤ አለበለዚያ ስለቱ ክሩን ይበጥሰዋል። ስታወጪ ሰገባውን በጀርባው በኩል ያዢ። ጣቶችሽ ስፌቱን ዞረው ከያዙ ስለቱ ቆዳውን ቀድዶ ይደርስባቸዋል፤ ትንሽ እጅ ደግሞ ሰገባውን ሙሉ በሙሉ ለመጨበጥ ስለሚታገል ወደዚያ ማዘንበሉ አይቀርም። በታክሲ ስትሄጂ ቦርሳ ውስጥ ከታች አድርጊው፤ ፍተሻ ካለም ቀድመሽ ተናገሪ።

ጋሼ ስለ ተልባ ዘይት በነገሩሽ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የቀባሽበትን ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥግ ላይ አትጣይው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የታጨቀ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ላይ ዘርግተሽ አስጪው፣ ከደረቀ በኋላ ጣይው።