የበጋ ስንዴ ውሃ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊ፦ እንደተባባልነው የማኅበራችንን የመስኖ ውሃ ጥያቄ ረቂቁን ጻፍኩት። አማራ ክልል ሜጫ ያለው ቆጋ ግድባችን የሚይዘው ውሃ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ የተሠራውም 7 ሺህ ሄክታር እንዲያጠጣ ነው። ውሃው አይጨምርም። ሙቀቱ ግን እየጨመረ ነው፣ ማሳውም ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ «የውሃ ተራ ለሁሉም በ7 ቀን ይሁን፣ ፓምፕም ይሰጠን» ብያለሁ።

የውሃ አባት (የውሃ ተራ አስከባሪ)፦ ቡቃያውም የሚያሸተውም እኩል 7 ቀን? አምና ቡቃያው ውሃ ተኝቶበት ቢጫ ሆነ። ያሸተው ደግሞ መጋቢት ላይ ተጠማ።

የሰብል ባለሙያ፦ ጋሼ ልክ ነዎት። ስንዴ ሲያብብ በሞቃት ቀን ማሳው ላይ ቢተኛ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ከፍታ የሚኖረው ውሃ ይጠጣል። ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) 15 ሺህ ሊትር ማለት ነው፣ በቀን! ቡቃያ ሳለ ሲሶው ይበቃዋል። ደግሞ ሙቀት ስንዴን ያቻኩለዋል፤ ብናጠጣውም ፍሬው ሳይሞላ ይደርቃል። 1 ዲግሪ ሲጨምር በዓለም ደረጃ የስንዴ ምርት 6 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይገመታል። ኅዳር ላይ ብንዘራ የመጋቢትን ሙቀት እናመልጣለን።

አባል፦ ዳጉሳው ሳይነሳ የት ላይ ልንዘራ ነው?

የሰብል ባለሙያ፦ እውነት ነው። በቆሎ የነበረበት ማሳ ይቅደም።

የቦዩ ጫፍ ተጠቃሚ፦ እኛ ጋ ውሃ የሚደርሰው ከላይ ያሉት ባሕር ዛፋቸውን ሳይቀር አጠጥተው ነው። አንድ ሌሊት ባትሪ ይዤ ስጠብቅ አደርኩ፤ የመጣው እግሬን እንኳ አላረጠበም። ተራው በሰብሉ ዕድሜ ይሁን ካላችሁ ደግሞ ሁሉም «የእኔ አሽቷል» ሊል ነው። ማን ይመሰክራል?

ገንዘብ ያዥ፦ አሳቅሽኝ እህቴ፣ ግን እውነትሽን ነው። የተዘራበት ቀን በየቦዩ ይመዝገብ። እዚሁ ቆጋ የተሞከረችው መሣሪያም ትጠየቅልን፤ ሥሩ ጋ ትቀበራለች፣ ውሃው ሲደርሳት ምልክቷ ብቅ ትላለች። ያኔ ውሃውን መዝጋት ነው። ለአንድ ቦይ 2 ብትሆን አይከፋም። ፓምፑ ግን ይውጣ። ነዳጁን ማን ሊከፍል?

ጸሐፊ፦ ፓምፑ ወጣ፣ 7 ቀኑም ተሰረዘ። ተራው በተዘራበት ቀን፣ መሣሪያ ለየቦዩ 2፣ የበቆሎ ማሳ ቀድሞ ይዘራ። የጫፎቹስ?

የውሃ አባት፦ መጋቢት ላይ ከጫፍ ይጀመር። ከላይ ያሉት ሳይሰሙት ግን እንዳትልኩት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይነበብላቸው፣ ጠቡም እዚያው ይለቅ።