ሪፍት ቫሊ ካቤርኔ ሶቪኞን ወይስ ሲራ? የአንድ እርሻ ሁለት ቀይ ወይኖች ሲወዳደሩ

ጠርሙስ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ስድስት ሆነን የዝዋይ (ባቱ) እርሻን ሁለት ደረቅ ቀይ ወይኖች፣ ሪፍት ቫሊ ካቤርኔ ሶቪኞንንና ሪፍት ቫሊ ሲራን፣ ጎን ለጎን ልናወዳድር ነው። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ጠርሙስ አለ። እርሻውም ጠማቂውም አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከምን ይመጣል? ከየትኛው እንጀምር? ምግቡ ጥሬ ሥጋና ክትፎ ነው።

ብርሌ፦ ልዩነቱ የሚመጣው በመጀመሪያ ከወይኑ ዝርያ ነው፤ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሲራ ሁለት የተለያዩ የወይን ዝርያዎች ናቸው። የካቤርኔ ፍሬ ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ከጭማቂው አንጻር ልጣጩና ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ይበዛል። ታኒን የሚወጣው ከእነዚህ ነው፤ ያልበሰለ ሙዝ ሲገመጥ ምላስንና ድድን ጭምድድ የሚያደርገው ዓይነት ስሜት የሚሰጠው ነገር ነው። ሽታው ላይ ከጥቁር ፍራፍሬ ሥር አረንጓዴ ቃሪያ ካገኛችሁ ፓይራዚን የሚባለው ውህድ ነው፤ ፍሬው በደንብ ሲበስልና ፀሐይ ሲያገኝ እየቀነሰ ይሄዳል።

የሲራ መለያ ቁንዶ በርበሬ ነው። ውህዱ ሮተንዶን ይባላል፤ ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለውም ያው ራሱ ነው። ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ይህን ሽታ ጨርሶ አይለየውም፤ ስለዚህ ከስድስታችሁ አንዱ «ምንም አይሸተኝም» ቢል አትከራከሩት። ሮተንዶን የሚበረታው ቀዝቀዝ ባለ አገር ነው። ዝዋይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢሆንም የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ አለበት፤ ስለዚህ ከሲራው ይልቁንም የበሰለ ፍራፍሬ ጠብቁ።

አቀራረቡ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ መለያው ላይ ያለውን የምርት ዓመት አስተያዩ፤ ዓመቱ ከተለያየ የምታወዳድሩት ዝርያውን ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆ ይቅረብ፤ በየብርጭቆው 60 ሚሊ ሊትር ይቀዳ። ለስድስት ሰው ከየጠርሙሱ 360 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከ750ው 390 ይተርፋል፤ እሱን ለምግቡ አቆዩት። አንድ ሰው ጠርሙሶቹን በፎይል ጠቅልሎ «ሀ» እና «ለ» ይበላቸው። መጀመሪያ ሁለቱንም አሽትቱ፤ ከዚያ «ሀ»ን፣ ቀጥሎ «ለ»ን ቅመሱ፤ በሁለተኛው ዙር ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ታኒን አፍ ላይ እየተከማቸ ስለሚሄድ ሁልጊዜ ኋላ የሚቀመሰው ከልኩ በላይ ይከራል። ሁሉም የተሰማውን ሳይነጋገር ይጻፍ፤ አንዱ ጮክ ብሎ «ቃሪያ!» ካለ ሁሉም ቃሪያ ይሸተዋል።

በመሃል አፍ ማጽጃው ውኃና ተራ ዳቦ ነው። እንጀራ አይሁን፤ ኮምጣጣነቱ ቀጥሎ የሚቀመሰውን ወይን ልል ያደርገዋል።

የጓዳ ሰው፦ ብርሌ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሙቀቱን ግን ዘሎታል፣ ብዙውን ጊዜ ፍርዱን የሚያበላሸው ደግሞ እሱ ነው። ሁለቱም ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሁኑ። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ ፍራፍሬው ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ታኒኑ ይመራል። አንዱን ከፍሪጅ፣ ሌላውን ከመደርደሪያ አውጥቶ ማወዳደር ዋጋ የለውም። ክፍሉ 24 ዲግሪ ከሆነ ሁለቱን አብራችሁ 40 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስገቡና በቴርሞሜትር አረጋግጡ።

ሌላው፣ ቡሽ ነቅሎ ጠርሙሱን ማቆም «ማናፈስ» አይባልም። በጠባቡ አንገት አየር የሚነካው ወይን ትንሽ ነው። ሁለቱንም በየራሳቸው ጆግ ገልብጣችሁ እኩል 45 ደቂቃ አቆዩአቸው።

ጠርሙስ፦ እናመሰግናለን። ሲከፈት የክብሪት ወይም የተበላሸ እንቁላል ሽታ ቢመጣስ? ደግሞ ሚጥሚጣውስ?

የጓዳ ሰው፦ የክብሪቱ ሽታ ከድኝ ውህዶች ነው። ሲራ በጠመቃ ጊዜ አየር ሲያንሰው በቀላሉ ያመጣዋል። ከጆግ ወደ ጆግ ሁለት ሦስት ጊዜ ገልብጡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። እርጥብ ካርቶን ወይም ሻጋታ ከሸተተ ግን ቡሹ የበከለው ነው፤ ምንም ብታናፍሱት አይድንም፣ ከውድድሩ አውጡት። ቡሹ ከአፉ ወደ ላይ ገፋ ብሎ አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ከደረቀ ጠርሙሱ ሙቀት መትቶታል፤ እሱንም ሳትከፍቱ መልሱት።

እጣኑና ቡናው ከቅምሻው በኋላ ይሁኑ። እጣን በተጨሰበት ክፍል ቁንዶ በርበሬ ፍለጋ የለም።

ብርሌ፦ ስለ ምግቡ፦ ካቤርኔውን ከጥሬ ሥጋው ጋር አቅርቡት፤ በተለይ ሻኛ ካለ። ፕሮቲኑ ታኒኑን ይይዘዋል፣ ስቡ አፉን ያለሰልሰዋል፣ ጨው ደግሞ ምሬቱን ይቀንሰዋል። ሥጋውን አላምጣችሁ ሳትውጡ አንድ ጉንጭ ብትጨምሩበት ለውጡ ወዲያው ይታወቃል። አዋዜው ግን በትንሹ፤ ቃጠሎ ላይ አልኮልና ታኒን ሲጨመሩ እሳቱ ይብሳል። ሚጥሚጣ ለበዛበት ክትፎ ሲራው ይሻላል፤ እሱንም ወደ 15 ዲግሪ ዝቅ አድርጉት። ክትፎው ለብ ለብ ከሆነ ቅቤው ሳይረጋ ብሉት፤ የረጋ ቅቤ አፍ ላይ ተለጥፎ የሁለቱንም ጣዕም ይሸፍናል።