የገበታ ሥዕል ስሪዲ ቅጂ፦ ቅርጹ ተሳክቶ ቀለሙ ከዋናው ጋር አልገጥም አለ

ጥያቄ፤ ከ«ሐረግ»

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚዘጋጅ አንድ አነስተኛ ዐውደ ርእይ፣ ዓይነ ስውራንና ሕፃናት በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲያውቁት በማሰብ፣ የአንድ ጥንታዊ ታጣፊ ገበታ ሥዕል ቅጂ በስሪዲ ፕሪንተር እያሠራን ነው። ዋናው ሥዕል በእንጨት ላይ ጀሶ ተቀብቶ የተሣለ ሲሆን፣ ጠርዙ ዙሪያውን በጥልቅ ሐረግ የተቀረጸ፣ መደቡ ቢጫ፣ የእመቤታችን መጎናጸፊያ ጥቁር ሰማያዊ፣ ፊቱም ጣቱም የልብሱም እጥፋት በቀጭን ጥቁር መስመር የተለየ ነው። ቅርጹንም ቀለሙንም በፎቶግራሜትሪ (ከብዙ ፎቶዎች የስሪዲ ቅርጽ በማውጣት ዘዴ) አንስተን ውጭ አገር ለሚገኝ አንድ የኅትመት ድርጅት ላክን፤ በአልትራቫዮሌት ብርሃን በሚጠነክር ሬዚን (ፈሳሽ ፕላስቲክ) ታትሞ መጣልን።

ቅርጹ እንከን የለውም፤ የመቅረጫው ቢላ ዱካ ሳይቀር በጣት ይታወቃል። ቀለሙ ግን በአጠቃላይ ከዋናው የገረጣ ሆኗል፤ በዓይን ሽፋሽፍትና በጣቶች መካከል ያሉት ጥቁር መስመሮች ውኃ እንደነካቸው ደብዝዘዋል፤ የሐረጉ ጎድጓዳ ክፍል ደግሞ በተቃራኒው ከዋናው እጅግ ጠቁሮ ይታያል። ከሁሉም ያስቸገረን ሰማያዊው ነው። በመስኮት አጠገብ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው ይቀራረባሉ፤ አዳራሹ ውስጥ በመብራት ስናያቸው ግን ዋናው ወደ ወይን ጠጅ ሲያዘነብል ቅጂው ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። ድርጅቱን ብንጠይቅ፣ ማሽናቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቀለሞችን ማተም እንደሚችልና ጥፋቱ የፋይላችን እንደሆነ ነገሩን። እውነት ጥፋቱ የፋይሉ ብቻ ነው? ሌሎች ቅጂዎችን ከማሳተማችን በፊት ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፤ ከ«ንብርብር»

ድርጅቱ የነገረዎት በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ቀለም ማተም መቻልና የተፈለገውን አንድ ቀለም አስተካክሎ ማተም ለየቅል ናቸው። የስሪዲ ፕሪንተር አምራቾቹ ስትራታሲስ እ.ኤ.አ. በ2016 ጄ750 የተባለውን ማሽን ሲያወጣ ከ360 ሺህ በላይ፣ ሚማኪ በ2017 ባወጣው ማሽን ደግሞ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቀለሞችን ማተም እንደሚቻል አስታውቀዋል፤ እነዚህ ቁጥሮች የማሽኑን አቅም ስፋት ይናገራሉ እንጂ የእርስዎ ቢጫ ቢጫውን ሆኖ ይውጣ አይውጣ አይናገሩም።

ከቀላሉ ልጀምር። የሐረጉ ጎድጓዳ የጠቆረው፣ ካሜራው ሐረጉን ከነጥላው ስላነሣው ነው። ያ ጥላ በፋይሉ ውስጥ እንደ ቡናማ ቀለም ተቆጥሮ ታተመ፤ ቅጂው አዳራሹ ውስጥ ሲቆም ደግሞ ጎድጓዳው የራሱን ጥላ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጥላ በጥላ ላይ ተደረበ። ይህ በእርግጥም የፋይሉ ጥፋት ነው። መፍትሔው ሥዕሉን ከየአቅጣጫው በሚመጣ ለስላሳ ብርሃን እንደገና ማንሣት፣ በመብራቶቹና በሌንሱ ላይ የፖላራይዘር ማጣሪያ አድርጎ የቫርኒሹን ብልጭታ ማጥፋት፣ የቀረውንም ጥላ በምስል ማረሚያ በእጅ ማቅለል ነው።

የመስመሮቹ መደብዘዝ ግን የፋይሉ አይደለም። ወረቀት ላይ ስናትም እጅግ ስስ የቀለም ሽፋን ብርሃን በማያሳልፍ ነጭ መደብ ላይ ያርፋል። እርስዎ ባሳተሙበት ዓይነት ማሽን ላይ ግን ሳያኑም (አረንጓዴ አዘል ሰማያዊው)፣ ማጀንታውም (ሐምራዊ አዘል ቀዩ)፣ ቢጫውም ራሳቸው ሬዚን ናቸው፤ በንብርብር ላይ ንብርብር እየተጣሉ ይጠነክራሉ፤ የአንዱ ንብርብር ውፍረት በጥሩው አሠራር እስከ 14 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ይወርዳል። ሁሉም ከፊል ብርሃን አሳላፊ ናቸው፤ ከሥራቸው የሚታተመው ነጭ ሬዚን እንኳ ብርሃንን ሙሉ በሙሉ አያግድም። በመሆኑም በቢጫው መደብ ላይ ያረፈ ብርሃን ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ወደ ጎን ተበትኖ፣ ጥቁሩ መስመር ሥር ብቅ ይላል፤ መስመሩ ይገረጣል። በተቃራኒው መስመሩ አጠገብ ያለው ቢጫ ብርሃኑን ተነጥቆ ይጨልማል። መስመሩ ግማሽ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል፤ ሰፊው መጎናጸፊያ ላይ ግን አይታወቅም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የፕራግ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ ችግር የሚፈታ ስሌት አቅርበዋል። ስሌቱ ብርሃኑ ሬዚኑ ውስጥ እንዴት እንደሚበተን አስቀድሞ ይገምትና፣ ድብዘዛው ከተከሰተ በኋላ የሚፈለገው ምስል እንዲገኝ የሬዚን ነጠብጣቦቹን ከላይ ብቻ ሳይሆን በጥልቀትም ይደለድላል። ዳርምሽታት የሚገኘው የፍራውንሆፈር አይጂዲ ተቋም «ከትልፊሽ» የተባለው የማሽን ማዘዣ ሶፍትዌርም ቀለምንና ብርሃን አሳላፊነትን አብሮ ያሰላል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ለንደን በሚገኘው ሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል ለአንድ ታካሚ የተገጠመው የታተመ ሰው ሠራሽ ዓይን የተዘጋጀው በዚሁ ቴክኖሎጂ ነበር። እንግዲህ ድርጅቱን መጠየቅ ያለብዎት ስንት ቀለም እንደሚያትም ሳይሆን የትኛውን ሶፍትዌር እንደሚጠቀምና የብርሃን መበተንን ያካክስ እንደሆነ ነው። የማያካክስ ከሆነ፣ ምስሉን ከመላክዎ በፊት የመስመሮቹን ጠርዝ ከሚገባው በላይ ስለታም ያድርጉት፤ በኮምፒዩተሩ ማያ ገጽ ላይ ሻካራ መስሎ ይታይዎታል፤ አይደንግጡ። መስመሩን ማወፈር ግን አልመክርም፤ የሠዓሊውን እጅ ያጠፋል።

መልስ፤ ከ«መለኪያ»

በ«ንብርብር» ማብራሪያ ላይ ስለ መገርጣቱ ልጨምር። ሁለት ምክንያት እጠረጥራለሁ። አንደኛው፣ ካሜራዎ ወይም የምስል ማረሚያዎ በአዶቢ አርጂቢ ያስቀመጠውን ምስል ማሽኑ ኤስአርጂቢ ነው ብሎ አንብቦት ሊሆን ይችላል (ሁለቱ ቀለምን በቁጥር የሚመዘግቡ የተለያዩ ሥርዓቶች ሲሆኑ፣ አዶቢ አርጂቢ ሰፊው ነው)፤ እንዲህ ሲሆን ቀለም ሁሉ ደም ያጣል። ምስሉ በየትኛው ሥርዓት እንደተመዘገበ የሚናገረው የቀለም መለያ ፋይሉ ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ሲሸጋገር በቀላሉ ይጠፋል። ስሪኤምኤፍ የተባለው የስሪዲ ፋይል ፎርማት ቀለምን በኤስአርጂቢ ስለሚቆጥር፣ ምስሉን አስቀድመው ወደ ኤስአርጂቢ ቀይረው በዚያ ፎርማት ቢልኩ የግምት ሥራ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት የገጽ ሸካራነት ነው። በእነዚህ ማሽኖች ላይ የድጋፍ ማቴሪያል (ቅርጹን ሲታተም ደግፎ በኋላ የሚወገደው) የነካው ገጽ ደብዛዛ፣ ያልነካው ገጽ አንጸባራቂ ሆኖ ይወጣል። ደብዛዛ ገጽ ነጭ ብርሃንን በየአቅጣጫው ስለሚበትን ከሥሩ ያለውን ቀለም ያገረጣዋል፤ ደርቆ የገረጣ ድንጋይ ውኃ ሲነካው ቀለሙ እንደሚደምቅ ሁሉ፣ ቅጂውም በስሱ ግልጽ ቫርኒሽ ሲቀባ ይደምቃል። ቅጂው በብዙ እጅ የሚዳሰስ ስለሆነ ቫርኒሹ ለጥበቃም ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ይለኩ። ሥዕሉን ሲያነሡ 24 መደቦች ያሉት የቀለም ሰሌዳ አብሮ ነበር? ድርጅቱስ የሙከራ መደቦች (ትንንሽ ባለቀለም ናሙናዎች) አትሞ በስፔክትሮፎቶሜትር፣ ማለት ቀለምን በቁጥር በሚለካ መሣሪያ፣ ለክቷል? በዋናውና በቅጂው መካከል ያለውን ርቀት የቀለም ልዩነትን በቁጥር በሚያሰላው በዴልታ ኢ 2000 ቀመር ቢያሰሉት፣ 1 አካባቢ ያለ ልዩነት በዓይን እምብዛም አይለይም፤ ከዚያ በላይ እየሄደ ሲመጣ ግን በዓይን ይለያል፤ ክርክሩም በቁጥር ይቋጫል።

ተጨማሪ ማብራሪያ፤ ከ«ሐረግ»

ስለ ሰፊው ማብራሪያ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀለም ሰሌዳው በፎቶዎቹ ላይ አለ፤ የምስሉን የቀለም መለያ ግን ማንም አላጣራም። ድርጅቱ የሙከራ መደቦችን ልኮልናል፤ አንድ ወዳጃችን በእጅ በሚያዝ ስፔክትሮፎቶሜትር ለክቷቸው፣ መሣሪያው በዓይናችን ከምናየው ይልቅ ጠቆር ያሉ መሆናቸውን ነግሮናል፤ በዓይን ግን ከቅጂው ጋር አንድ ናቸው። የአዳራሹ መብራት ሃሎጂን ነው። የምንፈልገው አንድ ቅጂ ሳይሆን ለተለያዩ ትምህርት ቤቶች የሚላኩ ብዙ ቅጂዎችን ነው።

መልስ፤ ከ«ፀሓይ ግባት»

የወዳጅዎ መሣሪያ አልተበላሸም፤ ነገር ግን በ«መለኪያ» ሐሳብ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በእጅ የሚያዘው መሣሪያ በጠባብ ክብ ላይ ብርሃን ያበራና ከዚያው ክብ የሚመለሰውን ይለካል። ብርሃን በሚያሳልፍ ሬዚን ላይ ግን የገባው ብርሃን በከፊል ከክቡ ውጭ ይወጣል፤ መሣሪያው ያንን ስለማይቆጥረው ከዓይን የጠቆረ ቁጥር ይሰጣል። በዚህ የተነሣ፣ ለወረቀት ኅትመት አስተማማኝ የሆነው መሣሪያ ለእንደዚህ ያለ ሥራ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ሰፋ ያለ ገጽ የሚያበራ መሣሪያ ወይም በቀለም ሰሌዳ የተስተካከለ ካሜራ ይሻላል።

ሰማያዊውን በተመለከተ፣ ያያችሁት ነገር ሜታሜሪዝም ይባላል። ሁለት ነገሮች በአንድ ብርሃን ሥር አንድ ቀለም መስለው በሌላ ብርሃን ሥር ይለያያሉ፤ ምክንያቱም ዓይን የሚያየው የሦስት ዓይነት ሕዋሳትን ድምር እንጂ ሙሉውን የብርሃን ሥርጭት አይደለም። በቆዩ የኢትዮጵያ ገበታ ሥዕሎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ኢንዲጎ (ከዕፅዋት የሚገኝ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም) ተገኝቷል፤ የእርስዎም መጎናጸፊያ ከጸባዩ ኢንዲጎ ይመስለኛል። ኢንዲጎ ወደ 700 ናኖሜትር በሚጠጋው ጥልቅ ቀይ አካባቢ ብርሃንን በብዛት ይመልሳል። የማሽኑ ሰማያዊ ከሳያንና ከማጀንታ የተቀየጠ ነው፤ ሳያኑ ያንን ቀይ ውጦ ያስቀረዋል። የሃሎጂን መብራት ቀይ ስለሚበዛበት ልዩነቱን አጉልቶ ያወጣዋል፤ የቀን ብርሃን ግን ይሸፍነዋል።

ይህ በፋይል አይስተካከልም፤ የማሽኑ ሬዚኖች እነዚያው እስከሆኑ ድረስ በሁሉም ብርሃን ሥር ከኢንዲጎ ጋር የሚገጥም ቅልቅል አይገኝም። ምርጫው ለየትኛው ብርሃን እንደሚገጥም መወሰን ነው። ቅጂዎቹ ወደ ትምህርት ቤቶች የሚሄዱ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት በመስኮት ብርሃን ነው፤ ስለዚህ የአሁኑን ሰማያዊ ባይነኩት እመርጣለሁ። በአዳራሹ ውስጥ ደግሞ ቅጂውን ከዋናው አጠገብ አታቁሙት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ካልሆኑ ያንን ልዩነት የሚያስታውለው ጥቂት ሰው ነው። ለዋናው ሥዕል በተለምዶ የሚመከረው ደካማ ብርሃን ለቅጂው አያስፈልግም፤ ራሱን የቻለ ቀን መሰል መብራት ሊያገኝ ይችላል።

መልስ፤ ከ«ጀሶ»

ለአንድ ቅጂ ቢሆን ኖሮ ቅርጹን ያለቀለም በነጩ አሳትማችሁ ለሠዓሊ ስጡት እል ነበር፤ ሠዓሊ በእውነተኛ ኢንዲጎ ሲቀባው የሜታሜሪዝሙ ነገር ይቀራል። ቢጫው ግን ጥንታዊው ኦርፒመንት መሆን የለበትም፤ አርሴኒክ ያለበት ነገር ሕፃናት በሚዳስሱት ዕቃ ላይ አይገባም።

ለብዙ ቅጂ በጀሶ ዱቄት የሚሠሩትን ባለቀለም ማሽኖችም ይጠይቁ። ዱቄቱ ብርሃን ስለማያሳልፍ መስመሮቹ የተሻለ ጥራት ይኖራቸዋል፤ ቀለሙ ግን ከማሽኑ ሲወጣ ፈዛዛ ሆኖ የሚደምቀው ፈጣን ሙጫ ሲጠጣ ነው፤ ሙጫው እኩል ካልሠረጸ ይዥጎረጎራል። በቀላሉም ይሰበራል፤ ስለዚህ ለመዳሰሻ ሬዚኑን እመርጣለሁ።

በሬዚኑ ከቀጠላችሁ፣ የሙከራ መደቦቹን ለብቻቸው ጠፍጣፋ አድርጎ ከማሳተም ይልቅ ከሥዕሉ ቆርጣችሁ አንድ ዓይን፣ አንድ የሐረግ ማዕዘንና አንድ የመጎናጸፊያ ጠርዝ በማሽኑ ላይ ዋናው ቅጂ በሚተኛበት አቅጣጫ እንዲያትሙላችሁ እዘዙ፤ ከላይ የታተመና በጎን የታተመ ገጽ ቀለሙ አንድ አይደለም። ሲደርሳችሁም ወዲያው አትፍረዱ፤ ግልጹ ሬዚን አዲስ ሲሆን ቢጫነት ስላለው በብርሃን ሥር አቆይታችሁ፣ ግማሹን በቫርኒሽ ቀብታችሁ፣ ግማሹን እንዳለ ትታችሁ ከዋናው ጋር በመስኮት አጠገብ አስተያዩት። ትእዛዙን ከዚያ በኋላ ብትሰጡ ይሻላል።