«ቀድሞ ተሰልቶ ነበር» ማለት ለማን ነው?

ባለ ዕጣው፦ ትናንት እዚሁ አንድ ወንድማችን «የብር ተመን ለገበያ መተዉ የቤት ዋጋን አልነካውም፤ ነጋዴው ድሮም በጥቁር ገበያ ስለሚያሰላ ጭማሪው ቀድሞ ተሰልቶ ነበር» ብሎ ጽፎ አደረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ሲለቀው 57 ብር የነበረው ዶላር በዚያው ቀን በንግድ ባንክ 74 ብር ገባ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም 100 አለፈ። ቀድሞ ተሰልቶ ከነበረ፣ በዕጣ ለደረሰኝ ኮንዶሚኒየም ማጠናቀቂያ ሴራሚክ ልገዛ መርካቶ ስሄድ ሻጩ የዋጋ ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ ልጦ «ዛሬ አልሸጥም፣ ነገ ተመለስ» ያለኝ ስለ ምን ነበር?

ባንከኛው፦ ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላጥፍም። በባንክ 57 የሚባለውን ዶላር በ57 ያገኘ አስመጪ ስንት ነው? ኤልሲ (ባንኩ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ለማስከፈት ወራት ከመሰለፍ ከ100 ብር በላይ ከጓዳ፣ ማለትም ከጥቁር ገበያው፣ እየገዛ ብረቱንም አሳንሰሩንም በዚያው ሲያወጣው ኖሯል። ያንተ ሻጭ የፈራው ነገን ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ሂሳብ አይደለም።

ባለ ዕጣው፦ ሂሳብ ካልሆነ ከኪሴ የወጣው ምንድን ነው? ደግሞስ ነዳጅ የሚገባው በባንኩ ተመን አልነበረምን? አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሰው ሲኖትራክ ከጓዳ በተገዛ ዶላር በገባ ናፍጣ አይሄድም ነበር። የናፍጣው ጭማሪ ደግሞ ከሐምሌ ወዲህም በየተራ መጥቷል፤ እስቲ ይህኛው የት ተሰልቶ እንደነበር አሳየን።

ከሜሪላንድ፦ በእኔ በኩል ባንከኛው ትክክል ነው። ድሮ ለእናቴ ገንዘብ የምልከው በሰው እጅ፣ በጥቁር ገበያው ተመን ነበር፤ አሁን በባንክ እልካለሁ፤ አላፍርበትም። ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነው። በ2015 ከአንድ የቤት አልሚ ጋር የተፈራረምኩት ውል በመጨረሻው ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «የምንዛሪ ለውጥ ሲኖር ሻጩ ቀሪውን ክፍያ ሊያሻሽል ይችላል» ይላል። ነሐሴ ላይ ደብዳቤው መጣ።

የ2005 ተመዝጋቢ፦ ልጄ፣ አንተ ቢያንስ ውል አለህ። እኔ ለ40/60፣ 40 በመቶውን ቆጥበን 60 በመቶውን ባንክ ሊያበድረን ለተባለው የመንግሥት ቤት፣ የተመዘገብኩት በ2005 ነው፤ ያኔ ዶላር 19 ብር ገደማ ነበር። ያን ጊዜ ሁለት መኝታ ቤት ያስገኝ የነበረው ቁጠባዬ በትንሽ ወለድ ተኝቶ፣ የእናንተ ዶላር ሰፈሩን ሁሉ ገዛው። የእኔስ ገንዘብ ቀድሞ ተሰልቶ ነበር?

ከሜሪላንድ፦ እትዬ፣ በሁለት ፈረቃ የተሠራ ገንዘብ ነው እኮ። ሰፈር የሚገዛ ዶላር ካለ ከሌላ ቦታ ይፈልጉት።

ባንከኛው፦ እትዬ፣ የእርስዎ ጉዳይ ከልቤ ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን ያን ቁጠባ የበላው የሐምሌው ውሳኔ ሳይሆን ከዚያ በፊት ለዓመታት ከወለዱ በላይ የሮጠው የዋጋ ንረት ነው፤ ሰውም ብሩን ሲሚንቶና ብሎኬት ውስጥ ይደብቅ የነበረው ከዚህ ሸሽቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለዱን (ከባንኮች ጋር የሚገበያይበትን መነሻ ወለድ) 15 በመቶ ያደረገው ይህን ለመግታት ነው። ባንኩ ቤት አይሠራም።

ባለ ዕጣው፦ «ባንኩ ቤት አይሠራም»! ቤት እንዳይሠራ ግን ያደርጋል። በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ያበጀው ማን ነው? የቤት ብድር ልጠይቅ ሄጄ «የዓመቱ ድርሻችን አልቋል» የተባልኩት በዚያ ጣሪያ ምክንያት ነው። ገንዘብ ያለው በጥሬ ሲገዛ፣ በደመወዙ ተበድሮ የሚገዛው ውጭ ቀረ።

ባንከኛው፦ ጣሪያው ባይኖር ኖሮ ዛሬ ሴራሚኩን በስንት ትገዛው ነበር?

ባለ ዕጣው፦ እሱንም ቀድመህ አስልተኸው ይሆናላ። ደረሰኜ እጄ ላይ ነው፤ የሰኔውና የነሐሴው ጎን ለጎን። ልለጥፈው?

የ2005 ተመዝጋቢ፦ ለጥፈው። እኔም የቁጠባ ደብተሬን አመጣለሁ።