የመክተፊያ በረኪና ልኩን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ

ሰላም ወገኖች፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ምግብ ቤት አለኝ፣ ጥሬ ስጋም እንሸጣለን። ለቁጥጥር የመጣው ሰውዬ መክተፊያውና የስጋ ጠረጴዛው ከታጠበ በኋላ ጀርም በሚገድል ነገር ይፀዳ፣ አሰራሩም ተፅፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ብሎኝ ሄደ፣ ስንት በስንት ግን አላለም። ከሱ በፊት የመጣችው ደሞ የፈላ ውሃ ይበቃል ብላኝ ነበር፣ የፈላ ውሃ ግን ጠረጴዛ ላይ ሲፈስ ወዲያው ነው የሚበርደው። የቱን ልፃፍ?

እኔ እስከማውቀው በረኪናው 5 ፐርሰንት ከሆነ 40 ሚሊ ሊትሩ በ20 ሊትር ውሃ 100 ፒፒኤም (በሚሊዮን እጅ ውሃ 100 እጅ ክሎሪን) አካባቢ ይሰጣል፣ የአሜሪካኖቹ ደንብ በኋላ በውሃ ሳይለቀለቅ የሚፈቅደው እስከ 200 ነው። ችግሩ ሰፈራችን የሚሸጠው በረኪና ፐርሰንቱ አልተፃፈበትም፣ ፀሀይ ላይ ሲቆም ደሞ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ስቡ በላርጎ በደንብ ካልለቀቀም ክሎሪኑ ጉልበት ያጣል። ልጆቹ በግምት ሲጨምሩ እጃቸውን ይልጣቸዋል፣ በጣም ያሳዝኑኛል፣ ደንበኛም እንዲታመምብኝ አልፈልግም።

የክሎሪን መለኪያ ወረቀት አዲስ አበባ የት ይገኛል? የእንጨት ግንዱስ ይፈቀዳል ወይስ በፕላስቲክ ልቀይረው? ተቆጣጣሪ የሆናችሁ ወይ ትልቅ ሆቴል ኪችን የምትሰሩ ካላችሁ ልኩ በግልፅ የተፃፈበት መመሪያ ጠቁሙኝ፣ ሰውዬው ተመልሶ ሳይመጣ ብለጥፈው ደስ ይለኛል።